በጥናት የተረጋገጠው ገብስ

ቁጡ ነኝ። ተማሪዎቼ ከሚነግሯችሁ እኔው ብናገረው ይሻላል። ሰቆጣ ባለ አንድ ኮሌጅ የጥናት ጽሑፍ አሠራር አስተምራለሁ፤ ልጆቹ ከኋላዬ የሚጠሩኝ «ከማን ሰማሽ» ብለው ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይኼኛውን ያወጡት ግን የኋላ ወንበር ተቀማጮች ናቸው። አልጠላሁትም። ለአስተማሪ ከዚህ የባሰ ስንት ስም ይወጣል።

ስሙ የመጣው ከሥራዬ ነው። አሳይመንት እሰጣለሁ፣ ልጆቹ ይጽፋሉ፣ እኔ አነባለሁ፣ ደሜ ይፈላል። «ምንጭ» በሚለው ቦታ «ኢንተርኔት» ብሎ ጽፎ የሚያስረክበኝ አለ። ኢንተርኔት ማን ነው? የማን ልጅ ነው? የትኛው ቀበሌ ነው የሚኖረው? አንዱ ከቴሌግራም ቻናል ገልብጦ «ለወዳጅዎ ያጋሩ» የሚለውን የመጨረሻ መስመር እንኳ ሳይቆርጥ አስረክቦኛል። ሌላው ደግሞ ደረቱን ነፍቶ «ኤአይ ነው የነገረኝ» አለኝ። «ለኤአዩስ ማን ነገረው?» ስለው ስልኩን አውጥቶ ሊጠይቀው ጀመረ። ገጹን የጻፈው ማን ነው፣ መቼ ጻፈው፣ አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ፣ ሌላ የመሰከረለት ሰው አለ ወይ፤ ይህን መጠየቅ ሳይለምድ ከእጄ የወጣ ተማሪ የለም ብዬ ብኩራራ የሚፈርድብኝ ያለ አይመስለኝም።

ጥያቄው ግን የእኔ አይደለም፤ የአባቴ ነው። አባቴ እዚሁ ዋግ፣ ደሃና ወረዳ ውስጥ በእኛ መንደር መርዶ ነጋሪ ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ደመወዝም የለውም። ሰው ርቆ ሲሞት ለእናትየው ወይ ለሚስትየው ማን ይንገር ሲባል የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹን አስከትለው ደጁ ላይ ይቆሙና ያረዳሉ። እሳቸው ያረዱት ሞት ሐሰት ሆኖ አያውቅም።

እኔ ሰቆጣ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ሳዑዲ የሄደ የጎረቤታችን ልጅ ሞተ ተባለ። ፎቶው ሻማ ተደርጎበት ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። መንደሩ ሁሉ አወቀ፤ ያላወቀችው እናቱ ብቻ ነበረች። ሰዉ አባቴን ወጥሮ ያዛቸው፣ ምን ይጠብቃሉ ብሎ። እሳቸው «ያየው ማን ነው?» አሉ። ፎቶውን አሳዩዋቸው። «ይሄማ የልጁ መልክ ነው፤ ሞቱ የታለ?» አሉና ዱላቸውን ይዘው ወጡ። መኪና መንገድ እስኪደርሱ በእግር፣ ከዚያ በሚኒባስ ሰቆጣ ገቡ። የነገራቸውን ሰው ማን እንደነገረው፣ ያንን ደግሞ ማን እንደነገረው እየጠየቁ ከሱቅ ሱቅ ዞሩ፤ እኔም ደብተሬን አቅፌ ተከተልኳቸው። አራተኛው ሰው ገበያው ዳር ጨርቅ የሚሸጡ ሙስሊም ነጋዴ ነበሩ፤ ልጃቸው እዚያው ሳዑዲ ሟች ከተባለው ልጅ ጋር አንድ ቤት ይኖር ነበር። ደወሉለት። ልጁ ታስሮ እንጂ አልሞተም። ያቺ እናት በሕይወት ላለ ልጇ ደረቷን ልትደቃ እንደነበር እስከ ዛሬ አታውቅም።

ይህን ታሪክ በየዓመቱ የመጀመሪያው ቀን ለክፍሉ እናገራለሁ። የአባቴን ነገር ስናገር ድምፄ ከፍ ይላል። አንድ ዓመት ግን ይሄው ታሪክ ራሴው ላይ ዞረብኝ።

በዚያ ዓመት አንዲት የዝቋላ ልጅ ነበረችኝ፤ የእኛው የዋጉ ዝቋላ፣ ከጽጽቃ ከተማ ወዲያ ካለ መንደር የመጣች። አፏን የፈታችው በዋግ አገው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ነው። አማርኛዋ ደህና ነው፤ ነገር ግን አንዴ በአነጋገሯ ስለሳቁባት ቃሉን ዋጥ እያደረገች ነበር የምትናገረው። እኔም አፌን የፈታሁት በኽምጣኛ ነው። ሰቆጣ ገብቼ ከተማርኩ በኋላ ግን ገበያ ውስጥ ካልሆነ በቀር አልናገረውም ነበር፤ ኮሌጁ ግቢ ውስጥማ ጨርሶ።

ልጅቱ በመንፈቁ ፈተና ወደቀች። ቢሮዬ ጠርቼ ምን ሆነሽ ብላት አልተለማመጠችም። ታላቅ እህቷ በደላላ እጅ ሳዑዲ ሄዳለች። ያው ደላላ ለእናቷ «ታናሿም ከኮሌጁ ከተባረረች ለእሷም ቦታ አለኝ» ብሏቸዋል። እናቷም እሺ ብለዋል፤ ምን ያድርጉ።

«ካለፍኩ እማራለሁ ቲቸር፤ ካላለፍኩ እሄዳለሁ» አለችኝ፣ ቅዳሜ ገበያ ስለመውጣት የምታወራ ይመስል።

የቀራት አንድ አሳይመንት ነበር፤ ከመቶው አርባውን የሚይዝ። ርእሱ «ስለ ዋግ ከኢንተርኔት ያገኛችሁትን አንድ ነገር ውሰዱ፤ እውነት መሆን አለመሆኑን መርምሩ» የሚል ነው። ሕጉን ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩት፦ ምንጩን እስከ ሥሩ ያልተከተለ ጽሑፍ ዜሮ ነው። ልጆቹ አጉረመረሙ። እኔም ሕጌን አንድ ጊዜ ካሰመርኩበት በኋላ ጠመኔውን ወርውሬ ወጣሁ።

የመጀመሪያዎቹ ረቂቆች ሲመጡ የሦስቱ ወይም የአራቱ ርእስ ገብስ ነበር። «በዓለም ላይ ከደሃና በቀር የትም የማይበቅል ገብስ እንዳለ በጥናት ተረጋግጧል።» አንዱ ከዩቲዩብ ወስዶታል፤ ሙዚቃ እያጀበው «ይህን ያውቁ ኖሯል?» ከሚለው ዓይነት። አንዱ ከድረ ገጽ ነው፤ አንዷ ከኤአይ። ዓረፍተ ነገሩን ደግሜ አነበብኩት። ጸሐፊዋን አውቃታለሁና። እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አንደኛ ዓመት ሳለሁ፣ አንዷ የዶርም ልጅ ከየት ነሽ አለችኝ። ከሰቆጣ ስላት «ውይ፣ የእርዳታ ስንዴ አገር» አለች። ክፋት አልነበራትም፤ የሰማችውን ነው ያለችው። እኔ ግን ተቃጠልኩ። አባቴ የሚያርሱት፣ እናቴ የምታርመው ገብስ፣ ያ ሁሉ ልፋት በአንድ ቃል የእርዳታ ስንዴ ሆኖ ቀረ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በብዕር ስም የፌስቡክ ገጽ ከፈትኩ። የአባቴን አውድማ ፎቶ ለጠፍኩ፤ ክምሩ ነጭ ሆኖ ፀሐይ የወጣበት። ከሥሩ ያንን ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። ማን አጠናው? ማንም። እኔ ተናድጄ አጠናሁት። ላይኩ ጎረፈ፤ ለዶርም ልጆችም አሳየሁ፤ ያን ሰሞን አንገቴን ቀና አድርጌ ሄድኩ። ከዚያ ስልኬ ጠፋ፣ የይለፍ ቃሉ ተረሳ፣ ገጹም ባለቤት አልባ ሆኖ ቀረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይሉ ነበር፤ የእኔው ግን እያደር ከብዶ፣ ድረ ገጽ ለብሶ፣ ሙዚቃ ተጨምሮለት ተማሪዬ እጅ ላይ ተመልሶ መጣ።

ያኔ ምን አደረግሁ? ቀይ እስክሪብቶዬን አንስቼ በገዛ ዓረፍተ ነገሬ ላይ «ሥሩ የታለ?» ብዬ ጻፍኩ። አዎ፣ አደረግሁት። ማንም እዚያ ድረስ አይሄድም ብዬ ነው። ሌሎቹ ልጆችም እንዳሰብኩት ቀዩን ሲያዩ ርእሳቸውን ቀየሩ። ያቺ የዝቋላ ልጅ ግን አልቀየረችም።

የማስረከቢያው ቀን ሲቃረብ ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ መጣች። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር።»

«ጠይቂ።»

«ገብሱ ላይ መጨረሻው ሰው ጋ የደረስኩ መሰለኝ። ከራሱ አፍ ሳልሰማ ግን ስሙን መጻፍ አልችልም።»

ከዚያ መንገዱን ነገረችኝ። ዩቲዩቡ ከድረ ገጹ ወስዷል፤ ቃል በቃል ነው። ድረ ገጹ ከቴሌግራም ወስዷል፤ የቴሌግራሙ ቀን ይቀድማል። ቴሌግራሙ ፎቶውን ሳይቀር ከአንድ የፌስቡክ ገጽ ወስዷል። ኔትወርክ ሲጠፋ ከኮሌጁ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ እየወጣች፣ ዳታዋ ሲያልቅ ከጓደኛዋ እየተዋሰች ነው እዚህ የደረሰችው። ለገጹ ባለቤት መልእክት ብትልክ መልስ የለም። ስለዚህ ከፎቶው ሥር ያሉትን አስተያየቶች አንድ በአንድ አነበበች፤ ሁሉም «ጎበዝ»፣ «አገሬ» የሚሉ ናቸው። ከሁሉ በታች ግን አንድ በኽምጣኛ የተጻፈ አገኘች።

ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አድርጋ ወደ እኔ አዞረችው።

«ይህን ማንበብ ይችላሉ፣ አይደል?» አለችኝ።

ማንበብ እንኳ አላስፈለገኝም፤ ከዚያው ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የጻፈው የአክስቴ ልጅ ነው። «አንቺ የመርዶ ነጋሪው ልጅ፣ ይህን ዘር አባትሽ ካቻምና ከላስታ ገበያ ገዝተው በአህያ ሲያመጡት አብሬያቸው ነበርኩ። ከደሃና በቀር አይበቅልም ያለሽ ማን ነው?» ይላል። የዚያን ጊዜ አይቼው ነበር። ላጠፋው ስል ተውኩት፤ ኽምጣኛ ማን ያነበዋል ብዬ። እንዲህ ብዬ ነው የተውኩት፤ ስለ ገዛ እናቴ ቋንቋ።

«እርስዎ ነዎት?» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

እዚህ ላይ አዎ ብል ኖሮ ወጉም ባማረ። እኔ ግን ደሜ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። «የአስተማሪሽን ገመና ስትቆፍሪ ነው የከረምሽው? ውጪልኝ!» አልኳት።

አልደነገጠችም። ስልኳን አነሳች። «እሺ ቲቸር» አለች። «እርስዎ ካላረጋገጡልኝ ግን የእኔ ጽሑፍ ሥር የለውም። ሥር የሌለው ደግሞ ዜሮ ነው ብለዋል።» በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ተቀምጬ አሰላሁት። እኔ አይደለሁም ብል ልጅቱ ዜሮ አግኝታ ትባረራለች፤ ደላላው እየጠበቀ ነው። ዝም በይ ብዬ ነጥቡን በስጦታ ብሰጣት ታልፋለች፤ ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ያስተማርኳትን ራሴ ገደል ከተትኩት። አዎ ብል ደግሞ ስሜ አለ፤ ያ ሁሉ ቁጣ፣ ያ ሁሉ ቀይ እስክሪብቶ። ሰው ምን ይለኛል። አፈርኩ። ከማፈሬም በላይ ፈራሁ።

ለአባቴ ደወልኩ። ደግነቱ ገበያ ወጥተው ኔትወርክ ያለበት ቦታ ነበሩ።

«አባዬ፣ ያ ነጭ ገብስ ዘሩ ከየት ነበር?»

«ከላስታ ነዋ። ምን ሆነ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ «ልጅቱ ከዚያ ሁሉ ሰው አልፋ አንቺ ዘንድ መጣች ማለት ነው?» አሉ።

«አዎ።»

«የማን ልጅ ናት?»

«የዝቋላ ልጅ ናት።»

«እደጊ በያት» አሉኝ። «አንቺም ተነሺና ንገሪ። መርዶ ተቀምጠው አይነግሩም።»

በማግስቱ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእኔ ነበር፤ ልጆቹ ጽሑፋቸውን ቆመው የሚያቀርቡበት። ተራዋ ሲደርስ ልጅቱ ወጣች። ሰሌዳው ላይ ከላይ ጀምራ ዩቲዩቡን፣ ድረ ገጹን፣ ቴሌግራሙን፣ ፌስቡኩን ጻፈችና አንዱን ከአንዱ በቀስት አያያዘች። የትኛው ከየትኛው እንደቀዳ፣ በምን እንዳወቀች አስረዳች። ከዚያ የኽምጣኛውን አስተያየት በኽምጣኛ አነበበችው፤ ቀጥላም ወደ አማርኛ መለሰችው። «መርዶ ነጋሪ» የሚለው ላይ ግን ዘላ አለፈች። ክፍሉ አላወቀም፤ እኔ ነኝ ያወቅሁት። ከፌስቡኩ በታች ባዶ ሳጥን ሣለች።

«የዚህን ሰው ማንነት የማውቅ ይመስለኛል» አለች። «ግን አላረጋገጠልኝም። ስለዚህ ጽሑፌ ጎዶሎ ነው። በሕጉ መሠረት ዜሮ ነው።»

አላየችኝም። ነገ ወደ ደላላው የምትሄድ ልጅ፣ እኔን አሳልፋ ላለመስጠት ሳይሆን ያላረጋገጠችውን ላለመናገር ብላ ዜሮውን ተቀበለች። እዚያ ላይ ፍርሃቴ የት እንደገባ እንጃ። ደስ አለኝ። ኩራት ነበር፤ ምን እደብቃለሁ፤ የራሴ ልጅ እንኳ ብትሆን ከዚህ በላይ አልኮራም።

ከወንበሬ ተነሣሁ። «እኔ ነኝ» አልኩ።

ክፍሉ አልገባውም። «ገብሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጥናት የለም። ተናድጄ ነው የጻፍኩት።» ከዚያ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ፤ የእርዳታ ስንዴውን፣ የላስታውን ገበያ፣ ቀዩን እስክሪብቶ፣ ትናንት ከቢሮ ማባረሬን፣ ኽምጣኛውን ማን ያነበዋል ማለቴን። ስጨርስ ከኋላ ወንበር አንዱ በቀጭን ድምፅ «ከማን ሰማሽ?» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ፤ እንባዬ እየመጣ።

ልጅቱ አልሳቀችም፤ ሥራ ላይ ነበረች። ጠመኔውን እንደያዘች ወደ እኔ ዞራ «ስምዎን ልጻፍ?» አለችኝ።

«ጻፊ።»

ባዶው ሳጥን ውስጥ ስሜን እስከ አባቴ ጻፈችው። ስሜ በዲግሪ ላይ ተጽፏል፣ በደመወዝ መክፈያ ላይ ተጽፏል፤ እንደዚያን ዕለት ግን አይቼው አላውቅም። በእኔ እጅ ተኮትኩታ ያደገች ልጅ የውሸት ምንጭ አድርጋ ጻፈችኝ፤ እኔም ቆሜ ኮራሁ።

«ገብሱ ጣፋጭ መሆኑ ግን እውነት ነው» አልኳት፣ ትንሽ ለማምለጥ ያህል።

«ማስረጃ?» አለች።

ጽሑፏን እኔ አላረምኩትም። ባለጉዳይ ሆኜ ማረም አይገባኝም ብዬ ለሌላ አስተማሪ ሰጠሁ፤ ለኃላፊያችንም ምክንያቱን ሳልሸፋፍን ነገርኩ። ኃላፊው ራሱን ነቅንቆ «ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው» ብሎ አለፈኝ። ገጹን ለማጥፋት ሞከርኩ፤ አልተሳካም። ገብሱ እስከ ዛሬ ከደሃና በቀር የትም ሳይበቅል ዩቲዩብ ላይ አለ። የምችለውን አደረግሁ፤ ከአክስቴ ልጅ አስተያየት ሥር ስሜን ጠቅሼ እውነቱን በሁለቱም ቋንቋ ጻፍኩ።

ከቀናት በኋላ ያ አስተማሪ ውጤቱን ይዞ መጣ፤ ከአርባ ሠላሳ ስድስት። ከወደቀችበት ፈተና ጋር ደመርኩት፤ አልፋለች። ስህተት እንዳይሆን ሁለት ጊዜ ደመርኩት። በመስኮቱ ጠርቼ ስነግራት «አመሰግናለሁ ቲቸር» ብላ ብቻ ሄደች። ምንም የተለየ ነገር አላየሁባትም፤ ትንሽ ቅር አለኝ እንኳ።

ወረቀቶቼን ሰብስቤ ስወጣ ኮሪደሩ በተማሪ ተሞልቷል። እሷ መሀል ቆማ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋለች፤ የሚያልፈው ሁሉ ዞሮ ያያታል። ለእናቷ ነው የደወለችው፤ በኽምጣኛ፣ ግቢው እስኪሰማ ድረስ።

«ለሰውዬው ንገሪው» ትላለች። «ሌላ ሰው ይፈልግ። እኔ ነገ ጠዋት ክፍል አለኝ።»